የአገር ዘርን ከማሳ ሳይጠፋ መጠበቅ

ለገበሬዎችና ለእርሻ ልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ

መግቢያ

አንድ ገበሬ ምርጥ ዘር ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው የታወቀ ነው። አሮጌውን ዘር ከጎተራው አውጥቶ ያስፈጨዋል፤ አለዚያም ገበያ ወስዶ ይሸጠዋል። በዚያ ዓመት የሚጎዳው ነገር የለም። ምርጡ ዘር ጥሩ ያፈራለታል፤ አሮጌውም ዘር ከጎረቤት ስለማይታጣ የቀረበት ነገር ያለ አይመስለውም። ጎረቤቱም እንደዚሁ ያደረገ እንደሆነ ግን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ዘር በቀበሌው ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። አያትና ቅድመ አያት በየዓመቱ እየዘሩ፣ እየለዩና እያስቀመጡ ያቆዩት ዘር በአንድ ክረምት ተፈጭቶ ያልቃል።

ይህ ጽሑፍ የአገር ዘር ምን እንደሆነ፣ ለምን መጠበቅ እንደሚገባውና ገበሬው ምርጥ ዘር እየዘራም ቢሆን የራሱን ዘር እንዴት ሊያቆይ እንደሚችል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። የሚመለከተውም በተለይ ጤፍን፣ ገብስን፣ ስንዴን፣ ማሽላንና ዳጉሳን ነው።

የአገር ዘር ማለት ምን ማለት ነው?

የአገር ዘር የሚባለው በአንድ አካባቢ ገበሬዎች እጅ ለብዙ ዘመን ሲዘራ የኖረ፣ ከዚያም አካባቢ አፈር፣ ዝናብ፣ ውርጭና በሽታ ጋር የተላመደ ዘር ነው። ከምርምር ጣቢያ ከሚወጣው ዘር የሚለይበት ዋናው ነገር አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። ምርጥ ዘር በተዘራበት ማሳ ውስጥ የተክሉ ቁመት፣ የሚያሸትበት ቀንና የፍሬው መልክ ተመሳሳይ ነው። የአገር ገብስ በተዘራበት ማሳ ውስጥ ግን ባለ ሁለት ረድፍና ባለ ስድስት ረድፍ፣ ነጭና ጥቁር፣ ቶሎ የሚደርስና የሚዘገይ አንድ ላይ በቅለው ይታያሉ።

ይህን ማሳ የሚያይ እንግዳ ሰው ዘሩ ያልጠራ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ድብልቁ ራሱ ጥቅም አለው። በሽታ ሲነሣ አንዱን ተክል ቢያጠቃ ሌላውን ይስተዋል። ዝናቡ አስቀድሞ ቢያቆም ፈጥኖ የሚደርሰው ይተርፋል፤ ዝናቡ ቢረዝም ደግሞ የዘገየው ይበልጥ ያፈራል። ስለዚህ ገበሬው በጥሩ ዓመት ከሁሉ የበለጠ ምርት ባያገኝ እንኳ በክፉ ዓመት ባዶ እጁን አይቀርም። በትግራይ ገበሬዎች ገብስንና ስንዴን ሆን ብለው ቀላቅለው የሚዘሩትና «ሃንፈጽ» የሚሉት አዘራር በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

ገበሬው ለየዘሩ ያወጣው ስምም ብዙ ጊዜ የዘሩን ጠባይ ይናገራል። «ሰነፍ ቆሎ» የተባለው ገብስ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ብዙ መውቀጥ ሳያስፈልገው ለቆሎ ይሆናል። «ወተት በጉንጬ» የተባለው የወሎ ማሽላ ስሙን ያገኘው ከእሸቱ ጣዕም ነው። «ጥንቅሽ» አገዳው እንደ ሸንኮራ ይመጠጣል። «ማኛ» ጤፍ በነጭነቱ፣ «ቡንኝ» ደግሞ ቶሎ በመድረሱ ይታወቃል። ስሙ ሲረሳ ጠባዩም አብሮ ይረሳል።

ዘር መለያየቱ ለገበሬው የሚሰጠው ጥቅም

በወሎና በሐረርጌ ማሽላ የሚያርሰውን ገበሬ ለምሳሌ እንውሰድ። በሚያዝያ ዝናብ የጣለ እንደሆነ ይህ ገበሬ ዘግይቶ የሚደርሰውን፣ ብዙ ፍሬና ብዙ አገዳ የሚሰጠውን ማሽላ ይዘራል። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይሆናል። የሚያዝያው ዝናብ የቀረ ወይም ቡቃያው የደረቀበት እንደሆነ ማሳውን ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል። ይህም ሳይሳካ ከቀረ በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ይዘራበታል። ገበሬው በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ሊሞክር የቻለው ሦስት ዓይነት ዘር በቤቱ ስላለ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጠፋበት ከሦስቱ በሮች አንዱ ተዘጋበት ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ የአገር ዘር ያለ ብዙ ማዳበሪያ ያፈራል። ጭዱ ለከብት ይወደዳል። ለእንጀራ፣ ለቆሎ፣ ለበሶ፣ ለጠላና ለአረቄ የሚመረጠው የእህል ዓይነት ልዩ ልዩ ነው። «ገብስ የእህል ንጉሥ» የሚባለውም አንዱ ገብስ ለሁሉ ስለሚሆን ሳይሆን ለየሥራው የሚሆን ገብስ ስላለ ነው።

የአገር ዘር ጉድለት የለውም ለማለት ግን አይደለም። ብዙ ማዳበሪያ ሲሰጠው አገዳው ስለሚረዝም ይጋሸባል። በጥሩ መሬትና በቂ ዝናብ ባለበት ዓመት ምርጥ ዘር ይበልጠዋል። ስለዚህ ምክራችን ምርጥ ዘር ይቅር የሚል ሳይሆን ሁለቱም ይኑሩ የሚል ነው።

ከኢትዮጵያ ማሳ የተገኘ ሀብት

የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ከጎበኘና ዘር ከሰበሰበ በኋላ፣ አገራችንን የብዙ አዝርዕት መገኛ ወይም መበራከቻ ከሆኑት ጥቂት የዓለም አካባቢዎች አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። ከዚያ ወዲህ የተገኙት ውጤቶች አባባሉን አጽንተውታል። ጥቂቶቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. በክሽክሽ የሚተላለፍና ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ አለ። በካሊፎርኒያ ይህን በሽታ የተቋቋመው የገብስ ዝርያ የመቋቋም ኃይሉን ያገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

ለ. የገብስን ቅጠል እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ የሚሸፍነውን የሻጋታ በሽታ ለብዙ ዓመታት የተቋቋሙ የአውሮፓ የገብስ ዝርያዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ገብስ ውስጥ የተገኘውን ጠባይ ወርሰዋል።

ሐ. እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ማሽላዎች ውስጥ «ላይሲን» የተባለውን ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ከሌላው ማሽላ አብልጠው የያዙ መኖራቸው ተገለጠ። ሌላ የኢትዮጵያ ማሽላ ደግሞ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ እርጥበት ቢያጥረው ቅጠሉ ሳይደርቅ ለምለም ሆኖ የሚቆይበት ጠባይ ስላለው፣ ድርቅን የሚቋቋም ማሽላ ለማውጣት በልዩ ልዩ አገሮች ሲሠራበት ቆይቷል።

መ. በአገራችንም «ቁንጮ» የተባለው ምርጥ የጤፍ ዘር እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው ሁለት የጤፍ ዘሮችን በማዳቀል ነው። ሁለቱም ወላጆቹ ከአገር ጤፍ ተመርጠው የወጡ ናቸው። ከገበሬ ማሳ የአገር ጤፍ ባይገኝ ኖሮ ቁንጮም ባልኖረ ነበር።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ገብሱን ያቆዩት ገበሬዎች በውስጡ እንዲህ ያለ ኃይል መኖሩን አያውቁም ነበር። ተመራማሪዎችም ከመፈተናቸው በፊት አላወቁም። የትኛው ዘር ምን እንደያዘ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ «ይህ አይጠቅምም» ተብሎ የሚጣል ዘር የነገ በሽታ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ከጠፋ በኋላ ግን እንደ ማረሻ አስቀጥቅጠው የሚያሠሩት ነገር አይደለም።

ዘር የሚጠፋባቸው ምክንያቶች

1. ድርቅና ረሃብ። ገበሬው የሚበላው ሲያጣ መጨረሻ የሚደርሰው ለዘር ባስቀመጠው ላይ ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ብዙ ቤተሰብ ዘሩን በልቶ ጨርሷል። ዝናቡ ሲመለስ መሬቱ ቢኖርም ለመሬቱ የተስማማው ዘር አልነበረም። ከሩቅ የመጣ እህል ደግሞ ለምግብ ቢሆንም ለዚያ አካባቢ ዘርነት ሁልጊዜ አይስማማም።

2. አንድን ዘር ብቻ በሰፊው መዝራት። ኩብሳ የተባለው ስንዴ በብዙ አካባቢ ተዘርቶ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሥቶ ክፉኛ ጎዳው። ብዙ ገበሬዎች ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን ዲጋሉን ያዙ። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ ዲጋሉን አጠፋው። የአገር ስንዴን ዋግ አይነካውም ማለት አይደለም። ነገር ግን ማሳው ሁሉ አንድ ወጥ ሲሆን በሽታው አንድ ቁልፍ ካገኘ ቤቱን ሁሉ ይከፍታል።

3. የዝናብ መለዋወጥ። የበልጉ ዝናብ ደጋግሞ ሲቀር ገበሬው ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ ይተዋል። የማሽላ ዘር ሳይዘራ ብዙ ዓመት ከቆየ የመብቀል ኃይሉን ያጣል።

4. የመሬት መጥበብና የገበያ ፍላጎት። ማሳው ሲጠብ ገበሬው ዋጋ የሚያወጣውን ብቻ ይዘራል። ነጭ ጤፍ ስለሚወደድ ቀዩ፣ ነጭ ገብስ ስለሚወደድ ጥቁሩ ይተዋል። ባሕር ዛፍና ጫትም የእህሉን ቦታ ይይዛሉ።

5. የዕውቀት መቋረጥ። ብዙ ጊዜ ዘር የምትመርጠውና የምታስቀምጠው የቤቱ እመቤት ናት። ልጆች ይህን ሙያ ካልተማሩ ዘሩ ቢኖርም የሚለየው ይታጣል።

ዘርን በባንክ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃልን?

በኢትዮጵያ የዕፅዋት ዘር ማሰባሰቢያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ትብብር ተቋቁሟል። ዛሬ ሥራውን የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። በአዲስ አበባ በሚገኘው የዘር ባንክ ከ60 ሺህ በላይ የዘር ናሙናዎች ይገኛሉ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ዘር በደንብ ከደረቀ በኋላ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቆያል። በዚህ ሁኔታ ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ሊኖር ይችላል።

ይህ ታላቅ ሥራ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። በቅዝቃዜ ውስጥ ያለ ዘር በገባበት ቀን እንደነበረው ይቆያል። በማሳ ላይ ያለው ግን በየዓመቱ ከአዲሱ በሽታ፣ ከአዲሱ ተባይና ከተለዋወጠው ዝናብ ጋር እየታገለ ይለማመዳል። ደግሞም ባንኩ የሚይዘው ዘሩን እንጂ የአዘራሩንና የአሠራሩን ዕውቀት ሁሉ አይደለም። ስለዚህ ባንኩ መጠባበቂያ ሲሆን ዋናው ጎተራ የገበሬው ማሳ ነው።

ይህን አስቀድመው ከተረዱት አንዱ የማዕከሉ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። እሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በድርቁ ዘመን ሊጠፋ የተቃረበውን ዘር ከማሰባሰባቸውም በላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከገበሬዎች ጋር ሆነው ዘሩ በማሳ ላይ እየተዘራ እንዲጠበቅ አድርገዋል። በዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በኋላም በልዩ ልዩ ወረዳዎች የማኅበረሰብ የዘር ባንኮች ተቋቁመዋል። ለምሳሌ በምሥራቅ ሸዋ በኤጀሬ የሚገኘው በምርጥ የዳቦ ስንዴ ተገፍቶ የነበረውን የአገር ስንዴ ወደ ማሳ ለመመለስ ረድቷል። በእንዲህ ያለው ባንክ ገበሬው ዘር ተበድሮ ይዘራል፤ ምርቱን ሲሰበስብ ጥቂት ጨምሮ በዓይነት ይመልሳል።

ገበሬው የራሱን ዘር እንዴት ሊያቆይ ይችላል?

ሰፊ መሬትም ሆነ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚከተሉትን በቅደም ተከተል መፈጸም ይበቃል።

1. መሬት መለየት። ከማሳው አንዱን ጥግ፣ ለምሳሌ ከአንድ ጥማድ ሩቡን ያህል፣ ለአገር ዘር መለየት ነው። ቦታው ከሁሉ የከፋው መሬት ወይም ፍግ የበዛበት የጓሮ መሬት መሆን የለበትም። የአካባቢውን ተራ መሬት የሚመስል ይሁን። ማዳበሪያ ሲደረግ እህሉ እንዳይጋሸብ መጠኑ ይቀነስ።

2. ዘሩን ከአጨዳ በፊት መምረጥ። ከአውድማ ላይ ከተከመረ እህል ዘር መዝገን ጥሩ አይደለም። ክምር ውስጥ የታመመውና ጤነኛው፣ የቀደመውና የዘገየው አይለይም። እህሉ በቆመበት ጊዜ በማሳው መካከል እየተዘዋወሩ ከጤነኛ ተክሎች ላይ መምረጥ ያስፈልጋል። አረማሞ ወይም ዋግ የያዘውን፣ አገዳ ቆርቁር የበላውንና በማሳው ዳር የበቀለውን መተው ነው።

3. ከብዙ ተክል መውሰድ። ከአምስትና ከስድስት ትልልቅ ራሶች ብቻ የተወሰደ ዘር ድብልቅነቱን ያጣል። ከ100 ከማያንሱ ተክሎች መውሰድ ይገባል። ማሳው ውስጥ ጥቁርና ነጭ፣ ፈጣንና ዘገምተኛ ካለ ከሁሉም ይወሰድ።

4. ማሽላን በተለይ መጠንቀቅ። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና ዳጉሳ በአብዛኛው በራሳቸው አበባ ስለሚዳቀሉ ከጎረቤት ማሳ ጋር ብዙ አይቀላቀሉም። የማሽላን ብናኝ ግን ነፋስ ሊያሻግረው ይችላል። ስለዚህ የማሽላ ዘር ከማሳው መካከል፣ ዙሪያውን የራሱ ዓይነት ከከበበው ተክል ይመረጥ።

5. ለብቻ ማጨድና መውቃት። የተመረጠው ለብቻው ታስሮ ይቀመጥና በተጠረገ ቦታ በዱላ ይወቃ። በከብት ሲሄድበት ፍሬው ሊሰነጠቅና ከሌላ እህል ጋር ሊቀላቀል ይችላል።

6. በደንብ ማድረቅ። ዘሩን በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሰሌን ላይ በስሱ አስጥቶ ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ ነው። መድረቁን ለማወቅ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ መነቅነቅና ማስቀመጥ ይቻላል። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው።

7. ከነቀዝና ከእርጥበት መጠበቅ። ዘሩ በቅል ወይም በማድጋ ውስጥ ገብቶ፣ አፉ ተከድኖና ተመርጎ፣ ከመሬት ከፍ ባለና በማይሞቅ ቦታ ይቀመጥ። የተነፋ የእንጨት አመድ ቢቀላቀልበት ነቀዝን ይቀንሳል። የማሽላ ራስ ከነዘለላው ከምድጃ በላይ በጭስ ላይ የመስቀል ልማድም ጠቃሚ ነው። በሐረርጌ እንደሚደረገው በጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጥ ማሽላ ለምግብ ይሁን እንጂ ለዘር አይሁን፤ በጉድጓዱ ሙቀትና እርጥበት የመብቀል ኃይሉ ይደክማል።

8. ብቅለቱን መፈተን። ከመዝሪያው ጊዜ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ጨርቁም እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው። በሰባተኛው ቀን የበቀለውን መቁጠር። 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ደህና ነው። ከዚያ ካነሰ የሚዘራውን መጠን መጨመር፣ እጅግ ካነሰ ደግሞ ሳይመሽ ከሌላ ሰው መለወጥ ያስፈልጋል።

9. ዘሩን በሁለትና በሦስት ቤት ማኖር። ቤት ይቃጠላል፣ ጎርፍ ይመጣል፣ ማሳም በበረዶ ይመታል። በአንድ ቤት ብቻ ያለ ዘር በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በየዓመቱ ከዘሩ ጥቂት ለዘመድ ወይም ለጎረቤት መስጠት፣ የማኅበረሰብ የዘር ባንክ ካለም በዚያ ማስመዝገብ ነው። የሰጡት ዘር የጠፋብዎ ቀን ተመልሶ የሚገኝ ነው።

ለእርሻ ልማት ሠራተኞች

የልማት ሠራተኛ ምርጥ ዘር ወደ አንድ ቀበሌ ከማስገባቱ በፊት በዚያ የሚዘራውን የአገር ዘር ጠይቆ ቢመዘግብ መልካም ነው። የዘሩን ስም፣ የሚዘራበትንና የሚደርስበትን ወር፣ የሚስማማውን አፈርና የሚሆንለትን የምግብ ዓይነት ከሽማግሌዎችና ከእናቶች መጠየቅ ይገባል። በአንድ ወይም በሁለት ቤት ብቻ የቀረ ዘር ከተገኘ ሳይዘገይ ለብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ወይም በአቅራቢያው ላለው የምርምር ማዕከል ማስታወቅ ያስፈልጋል። ገበሬውን «ዘርህ የተደባለቀ ነው» ብሎ ማሳፈር አይገባም። በዘርና በዘር ዕውቀት ላይ የማኅበረሰቡ መብት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የታወቀ መሆኑንም ማስረዳት ከሥራው አንዱ ነው።

መደምደሚያ

የአገር ዘር የሚቆየው በመዘራት ነው። ካልተዘራ ያረጃል፤ ከተረሳም ይጠፋል። ስለዚህ አሮጌው ዘር ወደ ወፍጮ ወይም ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ገበሬው አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፤ ይህ ዘር በቀበሌው ውስጥ ሌላ በማን ቤት አለ? በብዙ ቤት ካለ የሚተርፈውን ይሽጥ፣ ይብላም። የሚያውቀው ሌላ ቤት ከሌለ ግን አንድ ቅል ያህሉን ያስቀርና በሚቀጥለው ክረምት በማሳው ጥግ ይዝራው። ሲያጭድም ለጎረቤቱ ያካፍለው።